ካልደፈረሰ አይጠራም

«ካልደፈረሰ አይጠራም» ይላሉ አበው። የእኔ ትውልድ በዚህ ተረት ላይ አድጓል ማለት ይቻላል። በ1966ቱ አብዮት ማግስት መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ካድሬውም ይለው ነበር። ስንሰደድም ተከትሎን መጣ። ከአገር ቤት ክፉ ወሬ በተሰማ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ይህችን ቃል ይጥላል፤ ሌሎቻችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። እኔ ግን ተረቱን በሰማሁ ቁጥር ጀርባዬን ይበርደኛል። ምክንያቱን ለብዙ ዘመን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ በአንድ ወዳጃችን ቤት ለልጅ ክርስትና ተሰብስበን ነበር። የዕለቱ ወሬ የግልገል ጊቤ ሁለት ዋሻ ነበር። በጥር ወር በታላቅ ሥነ ሥርዓት የተመረቀው የኃይል ማመንጫ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ውሃ የሚያስተላልፈው ዋሻ በከፊል ተደርምሶ ሥራው ተቋርጧል። ከእንግዶቹ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ሪባን የቆረጡትን ባለሥልጣናት እየጠቀሰ ቀለደ። በመጨረሻም ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሰው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ይደርመስ! ካልደፈረሰ አይጠራም» አሉ።

እኔ ተነሥቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ባለቤቴ ተከትላ «ምን ሆንህ?» ብትለኝ «ሙቀቱ ነው» አልኋት። ውጪው በረዶ ነበር።

ያን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ የሰማሁት የ8 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ነው።

*

አባቴ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። የምንኖረው በሸዋ፣ ከሞጆ ወንዝ ብዙ በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ አልነበረም፤ እናቴና ታላቅ እኅቴ በየቀኑ ወንዝ ወርደው ይቀዱ ነበር። በ1970 ዓ.ም. በጋ አባቴ ከደመወዙ ባጠራቀማት ገንዘብ በግቢያችን ጉድጓድ ሊያስቆፍር ቆረጠ። ለሥራውም በአካባቢው የታወቀውን ጉድጓድ ቆፋሪ ጠራ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከመውረዱ በፊት ሁልጊዜ አፈሩን በጣቶቹ ፈትጎ የሚያይ ሰው ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉና።

እሱ ከታች እጀታዋ ባጠረች ዶማ ይቆፍራል፤ አፈሩን በባልዲ ይሞላል። ከላይ በሁለት ባላ ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ ገመድ ይሄዳል። አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ እኔም ትምህርት ቤት በማልሄድበት ቀን ከኋላው ይዤ እስብ ነበር። የመጀመሪያው ስምንት ክንድ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ መረሬ ነበር። ከዚያ ቢጫ አፈር መጣ። ከ18 ክንድ በታች ደግሞ አመድ የመሰለ ቀላል አሸዋ ሆነ። በ20 ክንድ ላይ ውሃ ተገኘ፤ እንደ እንባ የጠራ ውሃ። እናቴ እልል አለች፤ ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተጠራ።

ቆፋሪው ግን ሥራው አላለቀም አለ። በበጋ እንዳይደርቅ ሁለት ክንድ መጨመር አለበት። በማግስቱ ጠዋት ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ባልዲዎች እንደ ትናንቱ ነበሩ። ከዚያ አንድ ባልዲ አመድማ፣ ወፍራም ውሃ ይዞ ወጣ። ወዲያው ገመዱ ተነቀነቀ፤ ራሱ ሊወጣ ነበር። እንደ ወጣም እጁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ጣቶቹን ፈተገና ወደ አባቴ ሄደ።

«ጋሼ፣ ውሃው ደፈረሰ። ግድግዳው እየሄደብን ነው። ዛሬ ይደር፤ ነገ እንጨት አምጥተን እንደግፈው።»

አባቴ ጨካኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለመከላከል አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የቀረችው ገንዘብ የአንድ ቀን ብቻ ነበረች፤ እንጨትም ዋጋ አለው። ፈገግ ብሎ ትከሻውን መታ አደረገውና «አንተ ደግሞ! ካልደፈረሰ አይጠራም። ሁለት ክንድ ናት የቀረችህ» አለው።

ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ ባልዲው፣ ከዚያም ወደ እኔ ተመለከተ። ባልዲው እግሬ ሥር ነበር፤ ውሃውን እኔም አይቼዋለሁ። ከዚያ ገመዱን ይዞ ወረደ።

የተከተለውን በዝርዝር አልጽፍም። ድምፁ እንኳ ትልቅ አልነበረም፤ ጆንያ እህል መሬት ላይ ሲወድቅ እንደሚሰማው ያለ ነበር። ገመዱ በእጃችን ውስጥ ተወጠረ፤ ብንስበው አልመጣም። አስከሬኑ የወጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ጉድጓዱም ተሞልቶ ተደፈነ።

ከቀብሩ በኋላ በከተማዋ አንድ ወሬ ተነሣ፤ «ጠጥቶ ነው የወረደው» ተባለ። ማን እንደ ጀመረው አላውቅም። አባቴ አላለውም። ግን «ሐሰት ነው» ብሎ አላስተባበለም። እኔም አላስተባበልሁም። ሚስቱ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከተማዋን ለቀቀች። ከዚያን ቀን በኋላ ያ ተረት ከአባቴ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚያ ቀንም እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

*

እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕክምና ትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተላክሁ። በ1991 የላከኝ መንግሥትም የተቀበለኝ መንግሥትም በአንድ ዓመት ውስጥ ፈረሱ። ትምህርቴን በመከራ ጨርሼ ስዊዘርላንድ ገባሁ፤ ፈተናውን እንደገና ተፈትኜ በበርን ተራሮች አካባቢ በውስጥ ደዌ ሐኪምነት መሥራት ጀመርሁ። አባቴ በ1989 ዓ.ም. ሲያርፍ አልቀበርሁትም፤ በስልክ ነው የተረዳሁት።

ከታካሚዎቼ መካከል አንድ ጡረተኛ ዋሻ ሠራተኛ ነበሩ። ከሰሜን ጣሊያን በወጣትነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በተራራ ሆድ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን አደንድኖታል፤ ሐኪሞች ሲሊኮሲስ የምንለው በሽታ ነው። መድኃኒት ስለሌለው እኔ የማደርግላቸው ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ አወራቸዋለሁ። አንድ ቀን በዋሻ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እሳት ወይም ፈንጂ የሚሉ መስሎኝ ነበር።

«ውሃ ነው፣ ዶክተር» አሉኝ። «ውሃ ሁልጊዜ አለ። የጠራ ውሃ ቢጎርፍብህም ትሠራለህ፤ ትረጥባለህ እንጂ አትሞትም። የደፈረሰ ከመጣ ግን መሣሪያህን ጥለህ ትሮጣለህ።»

ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። እሳቸው አላስተዋሉም፤ ምክንያቱን ማስረዳት ቀጥለው ነበር። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ጠርቶ ሲወጣ አፈሩ ወይም ዓለቱ ቅንጣቶቹን ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ሲደፈርስ ግን መሬቱ ራሱ ከውሃው ጋር እየወጣ ነው። በያንዳንዱ ባልዲ ልክ ከግድግዳው ጀርባ ማንም የማያየው ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ባዶው በሰፋ ቁጥር ውሃው ይፈጥናል፤ ውሃው በፈጠነ ቁጥር ባዶው ይሰፋል። መጨረሻው መደርመስ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ሙያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ሐኪም ስለሆንሁ ብዙው ነገር እንግዳ አልሆነብኝም። የተጠራቀመ ውሃ ይከብዳል፤ ከዋሻው በላይ ያለው ውሃ 100 ሜትር ከፍታ ካለው፣ መውጫ በሌለው ግድግዳ ላይ በያንዳንዱ ካሬ ሜትር 100 ቶን ያህል ይጫናል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ ውሃውን አይታገሉትም፤ ከግድግዳው ጀርባ ቦይና ቱቦ አበጅተው መንገድ ይሰጡታል። እኛም ደረት ውስጥ መግል ሲቋጠር ቱቦ አስገብተን እናፈሰዋለን እንጂ አንደፍነውም። ይሁንና ማፍሰስም ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከኦስሎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለሚሄደው ባቡር በተቆፈረው ዋሻ ውሃው ያለ ልክ በመፍሰሱ፣ ከላይ ጫካ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ሐይቅ ጎደለ። እንዲህ በሚያሰጋ ቦታ ከመቆፈር በፊት ዙሪያውን በቀጫጭን ቀዳዳዎች የቀጠነ ሲሚንቶ በግፊት ይወጉታል። ለስላሳና ውሃ የጠገበ አፈር ሲሆን ደግሞ ጨዋማ ቀዝቃዛ ፈሳሽ በቱቦ አዙረው መሬቱን በረዶ ያደርጉትና እንደ ዓለት ይቆፍሩታል።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን ፊት ለፊት መመርመር ነው። ሰውም ማሽንም ከመግባቱ በፊት ረጅም ቀጭን ቀዳዳ ወደ ፊት ይቆፈራል፤ ከዚያም የሚወጣው ውሃ ብዛቱ፣ ግፊቱ፣ ሙቀቱና ቀለሙ ይታያል። እኛ በመርፌ ፈሳሽ ቀድተን እንደምናየው ማለት ነው።

*

አንድ የበጋ እሑድ እኚያ ሽማግሌ ጋስተርን ወደሚባለው ሸለቆ ወሰዱኝ። ከካንደርሽቴግ መንደር በላይ ጠባብ ገደል ታልፎ ድንገት ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። ሁለት ወገን ቀጥ ያለ ገደል፣ መሐሉ ሣርና ጥድ፣ በሣሩ መካከል የካንደር ወንዝ ይወርዳል። አገር ጎብኚዎች ምሳቸውን ይበላሉ፤ ልጆች ጠጠር ይወረውራሉ። እኛም እንደነሱ ተቀመጥን።

ከዚያ ሜዳ ሥር የሎችበርግ የባቡር ዋሻ ሊያልፍ ነበር። አዋቂዎች ከወንዙ ጠጠር በታች ጠንካራ ዓለት እንዳለና ዋሻው በዓለቱ ውስጥ በደኅና እንደሚያልፍ ገምተው ነበር። ከላይ ወደ ታች ቆፍሮ ያረጋገጠ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1908 ሌሊት ሠራተኞቹ ፈንጂ አፈነዱ። ከፊታቸው የነበረው ስስ ዓለት ተበሳ፤ የበረዶ ዘመን የሞላው ጠጠርና አሸዋ ከወንዙ ውሃ ጋር ወደ ዋሻው ገባና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሞላው። 25 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን ነበሩ። ያ ክፍል በግንብ ተዘጋ፤ ከሟቾቹ የሚበዙት እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ዋሻው አቅጣጫውን ለውጦ፣ ዙሮ፣ 14.6 ኪሎ ሜትር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1913 ለአገልግሎት ተከፈተ።

ሽማግሌው ታሪኩን ሲጨርሱ በሳልና በትንፋሽ እጥረት መካከል «ለምን ቀድመው እንዳልቆፈሩ ታውቃለህ? ገንዘብና ጊዜ ስለሚፈጅ ነው» አሉኝ። የአባቴ ፈገግታ በዓይኔ መጣ።

ከታች ያለው ሰው ሲታመምም ሲሞትም ጥፋቱ የራሱ የሚሆንበት ልማድ የኛ ከተማ ብቻ አልነበረም። በዚያው በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ የጎታርድ የባቡር ዋሻ ሲቆፈር ሠራተኞቹ ገረጡ፣ ደከሙ፣ ብዙዎችም ሞቱ። ምክንያቱ የዋሻው መጥፎ አየር ነው ተባለ። በቱሪን እ.ኤ.አ. በ1880 ፔሮንቺቶ የተባለ ተመራማሪ ከነባልደረቦቹ ሰገራቸውን ሲመረምር የመንጠቆ ትል አገኘ። ዋሻው ሞቃት ነበር፤ ወለሉ ውሃና ጭቃ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት አልነበረም። የትሉ እጭ በዚያ ጭቃ አድጎ በእግራቸው ይገባ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ይህን ትል ከቡናና ከእርሻ አገሮቻችን እናውቀዋለን። ቀጥሎ በሲምፕሎን ዋሻ ሲቆፈር ለሠራተኛው መታጠቢያና ደረቅ ልብስ ተዘጋጀ፤ ንጽሕናም ተጠበቀ። ያ ሁሉ የሆነው የታመመውን ሰው የመረመረ ስለተገኘ ነው።

መጠየቅ ዋጋው ስንት እንደሆነ በጎታርድ ሥር በተቆፈረው በአዲሱ፣ በ57 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ ላይ አይቻለሁ። በመንገዱ ላይ ፒዮራ የሚባል ቦታ ነበር፤ ዓለቱ እንደ ስኳር የሚፈረፈር፣ ውሃም በከፍተኛ ግፊት የተሞላ ነው። ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በ1990ዎቹ ለመመርመሪያ ብቻ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ዋሻ ቆፈሩ። በ1996 ከአንዱ መመርመሪያ ቀዳዳ ውሃና አሸዋ ፈነዳ። ይህን ሲያዩ አልሸሹም፤ አልገፉበትምም። ወደ ታች ደጋግመው ቆፈሩና ትክክለኛው ዋሻ በሚያልፍበት ጥልቀት ዓለቱ ደረቅና ጠንካራ መሆኑን አረጋገጡ። በ2008 ማሽኑ ያን ቦታ ያለ ችግር አለፈ። ዋሻው በ2016 ሲመረቅ በሥራው የሞቱት 9 ሠራተኞችም ታስበዋል። ጥንቃቄ ሞትን ሁሉ አያስቀርም፤ ቁጥሩን ግን ከአሮጌው ጎታርድ 200 ገደማ ሟቾች ጋር ማስተያየት ይበቃል።

*

በዚያ በክርስትናው ቀን ያልሳቅሁት ስለዚህ ነው። የጊቤ ሁለት ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከጊቤ አንድ የሚወጣውን ውሃ በተራራው ሥር ወስዶ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 የመቆፈሪያው ማሽን የተሰባበረ ዓለት ካለበት ስንጥቅ ላይ ደረሰ። ከዚያ የወጣው ሞቃትና ግፊቱ ከባድ የሆነ ጭቃ ያን ግዙፍ ማሽን ወደ ኋላ ገፋው። በጎኑ ሌላ መንገድ ተቆፍሮ እስኪታለፍ ብዙ ወራት ፈጀ። ሥራው ያለ ውድድር ጨረታ መሰጠቱና ቅድመ ጥናቱ በቂ አልነበረም መባሉ ብዙ አከራክሯል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔም ጥያቄ አለኝ። በ2010 የተደረመሰው ክፍል ተጠግኖ ማመንጫው በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥራ ጀመረ።

እኛ በበርን ስንስቅ ግን ያን ጭቃ በአካፋ የሚዝቅ ሰው ከታች ነበር። ስሙን አናውቅም። ውሃው ሲደፈርስ አይቶ ለአለቃው ተናግሮ እንደሆነም አናውቅም። ገዢዎቻችንን ስለጠላን የእሱ ዋሻ መደርመስ ደስ አሰኘን። ከላይ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ «ካልደፈረሰ አይጠራም» ማለት ቀላል ነው፤ አባቴም የቆመው ደረቅ መሬት ላይ ነበር። እኔም እንዲሁ።

ተረቱ ሐሰት ነው አልልም። በእንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ሲደፈርስ ይረጋል፣ ይጠራልም፤ እንስራው አይሄድምና። ከመሬት ሆድ የሚመጣ ውሃ ሲደፈርስ ግን የሚሄደው የቆምንበት ነው።

*

በ2004 ዓ.ም. እናቴን ለማስታመም አገር ቤት ገባሁ። እኅቴ የቆፋሪው ትንሹ ልጅ አዳማ ውስጥ የውሃ ፓምፕ እየጠገነ እንደሚኖር ሰምታ ነበር። ሄድሁ። አባቱ ሲሞት ሦስት ዓመቱ ነበር። የመምህሩ ልጅ መሆኔን ስነግረው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወንበር ሰጠኝ።

«እናቴ አባትህ አይጠጣም ነበር ትለኛለች፣ ዶክተር» አለኝ። «እኛ ግን የሰካራም ልጆች ስንባል ነው ያደግነው።»

«አልጠጣም ነበር» አልሁት። «እኔ እዚያ ነበርሁ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርሁት። እሱ ዓይኑን ፊቱ ካለው የተፈታ ፓምፕ ላይ አላነሣም። ስጨርስ የጠየቀኝ እንደ ባለሙያ ነው፤ «ውሃው ምን ዓይነት ነበር?»

«አመድ የመሰለ። ወፍራም።»

«አመድ ከመሰለ መውረድ አልነበረበትም። አባቴ ይህን ያውቃል። ታዲያ ለምን ወረደ?»

«አውቆ ይደር ብሎ ነበር። አባቴ ነው የላከው። ባልዲውን እኔም አይቼ ነበር፤ በኋላም ሰው ጠጥቶ ነው ሲል ዝም አልሁ።»

«እርስዎ ልጅ ነበሩ» አለኝ። ስለ አባቴ አንዳች አልተናገረም፤ እኔም እንዲናገር አልጠበቅሁም።

ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። ውጪ የባጃጅ ድምፅ ይመጣና ይሄዳል። ከዚያ ከኪሱ ስልክ አውጥቶ ደወለ። በወዲያኛው ጫፍ የአሮጊት ድምፅ ሲሰማ፣ «እማዬ፣ አንድ ሰው አለ፤ እሱ ራሱ ይንገርሽ» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ።

ተቀበልሁ። ከውሃው ቀለም ጀመርሁላቸው።